ቅርፊቱን አትላጡት
(ለፒያሳ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም ከመፍረሱ በፊት ማለቴ ነው። አንድ ቀን ሱዚ ስንጫወት ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ። ቁስሉ ቅርፊት በያዘ ቁጥር እያነሳሁ እጥለዋለሁ፤ እንደገና ይደማል። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ተይው!» ትለኛለች። ለምን እንደሚደማ ግን የነገረኝ አልነበረም። ዛሬ እኔ ልንገራችሁ።

ቆዳ ሲቆረጥ የደም ሥሮችም አብረው ይቆረጣሉ። መጀመሪያ ደሙ ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ይሁን እንጂ ቁስሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች ኦክስጅን ያጥራቸዋል። ያኔ ምን የሚያደርጉ ይመስላችኋል? ኬሚካላዊ መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ የደረሳቸው በአቅራቢያው ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ልክ እንደ ዛፍ ያቆጠቁጣሉ። ሴሎች የኦክስጅን እጥረትን እንዴት እንደሚለዩ ያወቁ ሦስት ሳይንቲስቶች በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቁስሉ በቀይ አዲስ ሥጋ ይሞላል። ቅላቱ የሚመጣው ከአዲሶቹ የደም ሥሮች ብዛት ነው። ቁስሉ ሲሽር ትርፎቹ ይከስማሉ፤ ቅላቱም እየጠፋ ይሄዳል።

ከዚህ ከፍ ብሎ ስድስት ኪሎ ባለው የካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት የተቃጠሉ ሰዎች ይታከማሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቁስል ከራሱ ከታካሚው ገላ ስስ ቆዳ ተነስቶ ሲለጠፍ፣ ቆዳው የሚተርፈው ከሥሩ የደም ሥሮች ገብተው ሲመግቡት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቦታው ከተንሸራተተ ግን ይበላሻል።

አያችሁ፣ እኔም ቅርፊት ስልጥ የምበጥሰው እነዚያን ለጋ የደም ሥሮች ነበር!

ይህ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው? ያልቆሰለ ቆዳ ቫይረሱን አያሳልፍም። ክፍት ቁስል ግን በር ነው፤ የሌላ ሰው ደም ከነካው አደጋ አለ። በአባላዘር በሽታ የሚመጣ የብልት ቁስልማ በቫይረሱ የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። አፍራችሁ አትደብቁት፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ስለዚህ ቁስላችሁን በንጹህ ውኃ አጥባችሁ ሸፍኑት። ምላጭ አትዋዋሱ። ጓደኛችሁ ሲደማም ጥላችሁት አትሽሹ፤ ጓንት ከሌለ ንጹህ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ በንጹህ ጨርቅ ጫን አድርጉለት። ደም ቁስላችሁን ከነካው ሳትዘገዩ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የጤና ባለሙያ አማክሩ።

ሰውነታችን ራሱን እየጠገነ ነው። እኛ ደግሞ ጊዜ እንስጠው።