የረገፈ ቅጠል በግቢያችን፦ ከማቃጠል ወደ ማብላላት



በአዲስ አበባ ግቢዎች የሚረግፈው ቅጠልና የሚታጨደው ሣር ዕጣው በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አጥር ጥግ ይቃጠላል፣ ወይ በባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለውን በማዳበሪያ ከረጢት አስረን መጣላችን ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሲያልቁ ግን ነገሩ ከቀልድ አልፎ ነበር። አደጋውን ቅጠል አመጣው አልልም፤ ክምሩን ያሳደገው ግን ከየቤታችን የወጣው ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው የሚበሰብስ ነበር።

የሚበሰብሰውን ከግቢ አለማውጣት ለእኛ እንግዳ ጥበብ አይደለም። በደቡብ እንሰት አብቃይ ቤተሰቦች የቤታቸውን ጥራጊና የከብታቸውን ፍግ እንሰቱ ሥር ሲያፈሱ ኖረዋል። ከተሜውን የጎደለው ፍጉ ነው። ሞክረው የተዉ ሰዎች «ዓመት ሙሉ ከምሬው ቅጠሉ ቅጠል እንደሆነ ቀረ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው የናይትሮጂን እጥረት ነው። ቅጠሉን የሚያብላሉት ደቂቅ ዘአካላት ለ1 እጅ ናይትሮጂን 30 እጅ ያህል ካርቦን ይስማማቸዋል፤ የደረቀ ቅጠል ግን ብዙውን ጊዜ 50 እጅና ከዚያም በላይ ይዞ ይመጣል። ጉድለቱን የሚሞላው ከማጀት አይጠፋም፤ የቡና አተላ፣ የጎመን ግንጣይ፣ የድንች ልጣጭ፣ ከደጅም ትኩስ ሣር፣ ከተገኘ ደግሞ የዶሮ ኩስ።

ሌላው ሙቀት ነው። ቁመቱም ወርዱም 1 ሜትር ያህል የሆነ ክምር በሚገባ ከተሠራ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ የአረም ዘር የሚሞተውም ያኔ ነው። አንድ ጆንያ ቅጠል ግን በአዲስ አበባ የሌሊት ብርድ ሙቀቱን አይዝም፤ ከጎረቤት ጋር ማዋጣት ይሻላል። በበጋ ውኃ ይጠጣ፤ በእጅ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ ካለ ይበቃዋል። በክረምት ይሸፈን፣ በየጊዜውም ይገላበጥ፤ ዝናብ የጠገበ ክምር አየር ያጣና ይገማል። ያን ጊዜ ጎረቤት ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ስለ ባሕር ዛፍ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ቅጠሉ ዘይታማ ነው፣ ሌላውን ተክል የሚያቀጭጭ ንጥረ ነገርም አለው፤ ስለዚህ ብቻውን አይከመርም። «ፈጽሞ አይሆንም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ያ ንጥረ ነገር ራሱ ሲብላላ ይፈርሳል፤ ቅጠሉ ተቆራርጦ ከሌላው ጋር ይቀላቀል፣ ረዘም ያለ ጊዜም ይሰጠው።

መብሰሉን የሚፈትነው ፌጦ ነው። በየላቦራቶሪው የብስባሽ ብስለት ከሚለካባቸው ዘሮች አንዱ ይኸው የእናቶቻችን ፌጦ መሆኑ ደስ ይለኛል። ብስባሹን አርጥባችሁ ጥቂት ፍሬ ዝሩበት፤ ጎን ለጎን በተራ አፈር ላይም እንዲሁ። በጥቂት ቀናት ሁለቱም እኩል ከበቀሉ ብስባሹን ወደ መደቡ ውሰዱት፤ በብስባሹ ላይ ያለው ከቀጨጨ አንድ ወር ጨምሩለትና ድገሙ።