ከብርሃኑ ወገን ማየት፦ ጥልቀት ለኪ ካሜራን ለአስቸጋሪ አካባቢ ስለ ማዘጋጀት

 

ተራ ካሜራ የሚሰጠን ቀለምንና ድምቀትን ነው። ጥልቀት ለኪ ካሜራ ደግሞ በምስሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግረናል። ይህ መሣሪያ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በብዙዎች እጅ የገባው እ.ኤ.አ. በ2010 ማይክሮሶፍት ኪኔክትን ለቪዲዮ ጨዋታ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነው። ለሳሎን የተሠራ ዕቃ ነበር፤ ተመራማሪዎች ግን ብዙም ሳይቆዩ ወደ እርሻ፣ ወደ ወንዝ ዳርቻና ወደ ዋሻ ይዘውት ወጡ። ለሳሎን የተሠራ መሣሪያ ከሳሎን ሲወጣ ምን ይገጥመዋል? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ብዙ ጊዜ አይሰበርም። መሥራቱን ይቀጥላል፤ ምስሉም ያምራል፤ የሚሰጠው ቁጥር ግን ከእውነቱ ይርቃል። የተሰበረ መሣሪያ ራሱን ያጋልጣል። እኛን የሚያሳስበን በጸጥታ የሚሳሳተው ነው።

የስሕተቱን ምንጭ ለመረዳት ርቀቱ እንዴት እንደሚገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዱ በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው የሦስት ማዕዘን ስሌት ነው። ሁለት ሌንሶች፣ ወይም አንድ ሌንስና አንድ ብርሃን ረጪ፣ በታወቀ ክፍተት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱን ነጥብ የሚያዩበት ማዕዘን ስለሚለያይ ርቀቱ ይሰላል። የመጀመሪያው ኪኔክት ዓይን የማያያቸውን የታኅተ ቀይ ብርሃን ነጠብጣቦች እየረጨ በዚህ ዘዴ ይሠራ ነበር። ሁለተኛው የብርሃንን የጉዞ ጊዜ መለካት ነው። ብርሃን በ1 ናኖሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ደርሶ መልሱን ስናስብ የ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነትን ለመለየት 67 ፒኮሰከንድ ያህል የምታንስ ጊዜ መለየት ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሁለተኛው ኪኔክት በዚህኛው ዘዴ ይሠራል።

አሁን «አስቸጋሪ አካባቢ» ስንል ለማን አስቸጋሪ እንደሆነ እንጠይቅ። ኬኔት ማንኮፍና ቴስ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ ኪኔክት ለመሬት ገጽ ጥናት ርካሽ የቅርብ ርቀት መለኪያ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ቆይቶም ማንኮፍና ባልደረቦቹ በስቫልባርድ ደሴቶች፣ በሃንስብሬን የበረዶ ግግር ሥር ባለ የውኃ መተላለፊያ ዋሻ ውስጥ የገጹን ሸካራነት በዚሁ መሣሪያ ለክተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ቦታው ለሰው ልጅ ቀዝቃዛ፣ ጠባብና አደገኛ ነው። ለካሜራው ብርሃን ግን ምቹ ነበር፤ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ግድግዳውም ቅርብ ነው። በአንጻሩ እኛ ቡና የምንጠጣበት የአዲስ አበባ በረንዳ በቀትር ለዚያው ካሜራ ከበረዶው ዋሻ ይልቅ ይከብደዋል። ስለዚህ አስቸጋሪነትን ከሰው ምቾት ሳይሆን ከብርሃኑ ወገን ሆነን መመዘን አለብን።

ከፀሐይ እንጀምር። ካሜራው የሚልከው ብርሃን ደካማ ነው፤ ፀሐይም በዚያው የሞገድ ርዝመት ታበራለች። ዳራውን መቀነስ ይቻላል፤ ከእርሱ ጋር የመጣው የልኬት መዋዠቅ ግን ተቀንሶ አይጠፋም። አምራቾች ከዘየዷቸው መፍትሔዎች አንዱ በ940 ናኖሜትር አካባቢ መሥራት ነው፤ በዚያ ቦታ በከባቢ አየር ያለው የውኃ ተን የፀሐይን ብርሃን ከፊሉን ይውጠዋል። ነገር ግን ይህ ጥላ የሚወፍረው አየሩ እርጥበት ሲኖረው ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደረቅ የበጋ አየር ውስጥ ከበላያችን ያለው ተን ጥቂት ስለሆነ ጥላውም ይሳሳል። በባሕር ጠለል ተፈትኖ የተጻፈ መግለጫ ለደጋችን እንዳለ አይሠራም።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ንጹሕ ውኃ እንኳ ታኅተ ቀይን አጥብቆ ይውጣል፤ በ850 ናኖሜትር 1 ሜትር ከተጓዘ ብርሃን ከመቶ ሁለት እጁ አይተርፍም። ከዚህ የሚብሰው ስብረተ ብርሃን ነው። ብርሃን በውኃ ውስጥ 1.33 ጊዜ ያህል ይዘገያል። በአየር የተስተካከሉ ሁለት ካሜራዎችን ጠፍጣፋ መስታወት ባለው ሣጥን አድርገን ውኃ ውስጥ እንክተታቸውና 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ሰሌዳ እናሳያቸው። የጉዞ ጊዜ የሚለካው ካሜራ ብርሃኑ ስለዘገየበት «40 ሴንቲ ሜትር» ይላል። በሦስት ማዕዘን የሚያሰላው ደግሞ ነገሩ ጎልቶ ስለሚታየው «22.5 ሴንቲ ሜትር» ይላል። ሰሌዳው አንድ፣ ውኃው አንድ ነው፤ ሁለቱም ካሜራዎች ጤነኞች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል፣ ያውም በተቃራኒ አቅጣጫ። መሣሪያው በምን ዘዴ እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው እርማቱን በየትኛው በኩል እንደሚያደርግ አያውቅም።

ሦስተኛው ሙቀትና ጨው ነው። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለውን የዳሎልን ሜዳ አስቡ። ተራ የሌዘር ዳዮድ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.3 ናኖሜትር ያህል የሞገድ ርዝመቱ ይሸሻል፤ የ40 ዲግሪ ልዩነት 12 ናኖሜትር ይሆናል። የፀሐይን ብርሃን ለመከላከል የተገጠመው ጠባብ ማጣሪያ ያኔ የራሱን ካሜራ ብርሃን መከልከል ይጀምራል። በመጀመሪያው ኪኔክት ውስጥ ሌዘሩን በአንድ ሙቀት የሚያቆይ ኤሌክትሪካዊ ማቀዝቀዣ የተገጠመውም የሞገድ ርዝመቱ እንዳይሸሽ ነው። ሙቀት አካሉንም ያጣምማል። በሁለት ሌንሶች መካከል ያለው ክፍተት 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና አንደኛው በዲግሪ ሃያኛ ብቻ ቢዞር፣ በ3 ሜትር ርቀት ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ስሕተት ይፈጠራል። ነጭ ጨውም የራሱ ጠባይ አለው፤ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ዘልቆ ተበታትኖ ሲመለስ ጉዞው ስለሚረዝም፣ ጊዜ ለኪው ካሜራ ገጹን ከእውነተኛው ቦታ አርቆ ያሳየናል።

እንግዲህ ብዙዎቻችን «በጠንካራ ሣጥን እናሽገው» እንላለን። ሣጥኑ ያስፈልጋል። ሆኖም ከታሸገበት ቀን ጀምሮ መስታወቱ የመለኪያው አካል ይሆናል። ተራ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከመቶ 4 እጅ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ይህ ብርሃን ከሩቁ ምላሽ ጋር ሲደባለቅ ርቀቱን አሳጥሮ ያሳያል። መስታወቱ ላይ አቧራ ሲያርፍ ደግሞ ነጸብራቁ በየቀኑ ይጨምራል፤ ስሕተቱም ቀስ እያለ ያድጋል። ቀስ እያለ የሚያድግ ስሕተት ደግሞ ቀስ እያለ ከሚለወጥ ተፈጥሮ ጋር ይመሳሰላል።

የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ያለ ቦረቦርን ለመለካት ሄደ እንበል። በግንቦት ቀትር አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረም ማለዳ ሌላ ጊዜ ይለካል። የቦረቦሩ ግድግዳ የተሸረሸረው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ካሜራው ከቀትር ሙቀት ወደ ማለዳ ቅዝቃዜ ሲሻገር ከዚያ የበለጠ ቢዛባ፣ ጥናቱ ያልተወሰደ አፈር ተወስዷል ይላል፤ ወይም የተወሰደውን ይሸሽጋል። ገበሬው በጉልበቱ የሠራው ክትር መያዝ አለመያዙ፣ የሚቀጥለውም እርከን የት እንደሚሠራ የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው።

ምን እናድርግ? ሦስት ልማዶችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ርቀቱ በሜትር የተረጋገጠ የማይነቃነቅ ሰሌዳ ዘወትር በካሜራው እይታ ውስጥ ይኑር። ሰሌዳው «ተንቀሳቀሰ» ከተባለ የተዛባው ካሜራው ነው። ሁለተኛ፣ ርቀቱን ብቻ አናስቀምጥ፤ የተመለሰውን ብርሃን ጥንካሬና የካሜራውን ሙቀት አብረን እንመዝግብ። ምላሹ የደከመበትን ነጥብ ባዶ እንተወው፤ ባዶ ቦታ ከሐሰተኛ ቁጥር ይሻላል። ሦስተኛ፣ ወደ መስክ ከመውጣታችን በፊት አካባቢውን በየተራ ወደ ቤተ ሙከራ እናምጣው። ዛሬ ሙቀቱን ብቻ፣ ነገ አቧራውን ብቻ፣ ከነገ ወዲያ መስታወቱን ብቻ እየለወጥን ስሕተቱን በሠንጠረዥ እንጻፍ፤ በመጨረሻም ሁሉንም ባንድነት እንፈትን። ይህን ለማድረግ ማሞቂያ ሣጥን፣ የውኃ ገንዳ፣ ሜትርና ትዕግሥት ይበቃሉ።

ውድ ተማሪዎች፤ ዳሳሹን እዚህ አናመርት ይሆናል። በደጋችን ፀሐይ፣ በአውድማችን አቧራ፣ በዳሎል ጨው ላይ ስሕተቱ ስንት እንደሆነ የሚነግር ሠንጠረዥ ግን ከመሣሪያው ጋር ተጠቅልሎ አይመጣም። በዚህ ምድር ላይ የሚለካው ሰው ራሱ ሊያዘጋጀው ይገባል፤ ያም ዕውቀት እንደ መሣሪያው በየዓመቱ አያረጅም። ለመመረቂያ ጥናት ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ገና ብዙ ያልተሞላ ሠንጠረዥ ይጠብቃችኋል።