ከፍ ያለ ፒክአፕ፣ ከኋላው ጀልባ
አድማጮቻችን፣ በአሜሪካ ያገለገለ ፒክአፕ ገዝታችሁ ጀልባ ልትጎትቱ ካሰባችሁ፣ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ከፍ ተደርጎ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። መጎተቻው አብሮ ስለሚነሣ የተጎታቹ አፍንጫ ወደ ላይ ያቀናል፤ ክብደቱም ወደ ኋላ ይሸሻል። ያኔ ነው ተጎታቹ በፈጣን መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ የሚጀምረው። ይህ መኪናውን ጭምር ሊገለብጥ ይችላል! መፍትሔው ወደ ታች የሚወርድ የመጎተቻ ክንድ ገጥሞ ተጎታቹን ከመሬት ጋር ትይዩ ማድረግ ነው። ከነጀልባው ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ገደማው መጎተቻው ላይ ይረፍ። ስትመዝኑ የጀልባውን ነዳጅ አትርሱ፤ 100 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 75 ኪሎ ያህል ነው። ትልልቅ ጎማ ደግሞ ፍሬኑን ያደክማል። መመሪያው ላይ የተጻፈው የመጎተት አቅም የተሰላው ለፋብሪካው ቁመትና ጎማ ነውና፣ እባካችሁ እስከ ጫፉ አትጫኑት።