የመድኃኒት ደኅንነትና ኤሌክትሮኒክ የውሳኔ ድጋፍ፤ ከጣርማ በር ግርጌ ሲታይ



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጣርማ በር በዋሻ ካለፈ በኋላ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በደጋው ብዙም የማይታወቀው የወባ በሽታ በይፋት ቆላ ክረምቱ ሲወጣ፣ ይልቁንም ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ይበረታል። በዚህ ወቅት በመድኃኒት ማደያው መስኮት ፊት የሚሰለፈው ሕዝብ ስለሚበዛ ለእያንዳንዱ ማዘዣ የሚተርፈው የማመዛዘኛ ጊዜ ያጥራል። ስሕተትም የሚገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው።

ለምሳሌ ያህል ኮአርተም የሚታዘዘው በክብደት ነው። ከ5 ኪሎ ጀምሮ 15 ኪሎ ላልሞላው ሕፃን በአንድ ጊዜ 1 ፍሬ፣ ከ15 ጀምሮ 25 ላልሞላው 2 ፍሬ፣ ከ25 ጀምሮ 35 ላልሞላው 3 ፍሬ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 4 ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 ቀን ይሰጣል። እንግዲህ ሕፃኑ ሳይመዘን በግምት ቢታዘዝለት መጠኑ በእጥፍ ሊሳሳት ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ወባ ቢይዘው ደግሞ፣ ሪፋምፒሲን የኮአርተምን መጠን በደም ውስጥ እጅግ ስለሚቀንሰው፣ መድኃኒቱን በትክክል እየዋጠ ላይድን ይችላል። ፕሪማኪንም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እነዚህን ሁሉ ባለሙያው ያውቃል፤ ችግሩ በመቶኛው ሕመምተኛ ላይ ማስታወሱ ነው።

ኤሌክትሮኒክ የውሳኔ ድጋፍ የሚባለው ማዘዣው በሚጻፍበት ቅጽበት የሕመምተኛውን ክብደት፣ ዕድሜ፣ አለርጂና የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች አመሳክሮ የሚያስጠነቅቅ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኘው ኤል.ዲ.ኤስ. ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጀምሮታል። በቦስተን በብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ተደርጎ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በኮምፒዩተር ማዘዝ ሳይደረስባቸው የሚያልፉ ከባድ የመድኃኒት ስሕተቶችን በ55 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. ከመድኃኒት የሚደርሰውን ከባድና ሊወገድ የሚችል ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ዘመቻ ከፍቶ ነበር።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ራሱ ስሕተት ሊወልድ ይችላል። በ2005 እ.ኤ.አ. ከፔንሲልቬንያ የወጣ ጥናት ሥርዓቱ ያመቻቻቸውን 22 ዓይነት የስሕተት መንገዶች ዘርዝሯል። ማስጠንቀቂያው ሲበዛም ባለሙያው ሳያነብ ማለፍን ይለምዳል።

በአገራችን መሠረቱ በከፊል ተጥሏል። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተዛመተው፣ ኤ.ፒ.ቲ.ኤስ. የሚባለው የመድኃኒት አገልግሎትና ግብይት አሠራር፣ ለመድኃኒት ሒሳብ ሥርዓት አበጅቷል። ነገር ግን መድኃኒቱን መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ ለዚያ ሰው መስማማቱን ማረጋገጥ ሌላ ነው። ለዚህኛው የሕመምተኛው ማንነትና ታሪክ መታወቅ አለበት። በደጋው ሕክምና የጀመረ ሰው ቆላ ወርዶ አዲስ ካርድ ቢያወጣ፣ ሪፋምፒሲን መውሰዱን ኮምፒዩተሩ ከየት ያውቃል? በራስና በአባት ስም ብቻ የሚመዘገቡ ሁለት ሰዎችስ በምን ይለያሉ?

ስለዚህ ሥራው ከኮምፒዩተሩ በፊት ከሚዛኑ መጀመር ይኖርበታል። ሕፃን ሁሉ ይመዘን፤ ክብደቱም በማዘዣው ላይ ይጻፍ። ማስጠንቀቂያዎቹ ጥቂትና ከባድ አደጋን የሚመለከቱ ብቻ ይሁኑ፤ የሚመርጧቸውም የሆስፒታሉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች በአንድነት ይሁኑ። መብራት በጠፋ ጊዜ ይኸው ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ በማደያው ግድግዳ ላይ ይገኝ። የታለፈ ማስጠንቀቂያ በየወሩ ይመርመር እንጂ ለመቅጫ አይዋል፤ ቅጣት የፈራ ባለሙያ ስሕተቱን ይሰውራልና።

ማሽኑ ያስታውሳል፤ ኃላፊነቱ ግን መድኃኒቱን በእጁ ከሚሰጠው ባለሙያ ላይ አይነሣም። የማኅበሩ አባላትም ሥርዓቱ ተገዝቶ እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ በየሆስፒታላቸው ይህን ዝርዝር ከወዲሁ ማዘጋጀት ይገባቸዋል።