ከደጋው ገብስ እስከ ገዳሪፍ ማሽላ
(ስለ መምህሩ የዕረፍት ጉዞና ስለ ስንቁ የተደረገ ንግግር)



መምህር የዕረፍት ጊዜውን በምን ያሳልፍ የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ያንብብ፣ ተጨማሪ ትምህርት ይውሰድ የሚል ነው። እኔ በበኩሌ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ ጥቂት ለየት ይላል። ይኸውም መምህሩ በዕረፍቱ ስንቁን ይዞ በእግሩ ይሂድ፤ በደረሰበትም አገር የቀረበለትን ይብላ የሚል ነው። ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ አስቀድሜ እለምናለሁ።

በፈረንሳይ አገር ይህ ዓይነቱ ጉዞ ከተለመደ ቆይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ለሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥ በዓመት የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ስለ ተፈቀደለት፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ተራራ የሚወጣው ሕዝብ እየበዛ ሄደ። በ1947ም ረዣዥም የእግር መንገዶችን የሚያዘጋጅ ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዛሬ መንገደኛው በዛፍና በድንጋይ ላይ የተቀባውን ነጭና ቀይ ምልክት እየተከተለ የአልፕስን ተራራ ያቋርጣል። የሚሄዱትም በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በረዶው የሚቀልጠው፣ ላሞችም ወደ ላይኛው መስክ የሚወጡት ያን ጊዜ ነውና። ከዚያ ከላይኛው መስክ ወተት የሚሠራው ቦፎር የሚባለው አይብ የሸለቆው መታወቂያ ነው። ቀድሞ ደግሞ ከፍ ባሉት መንደሮች ከስንዴ ዘመድ ከሆነ ጥቁር እህል የሚጋገረው ዳቦ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይጋገርና ደርቆ ይቀመጥ ነበር፤ ማገዶ ብርቅ ስለ ነበረ። ይህን ሳነብ የእኛ እናቶች ድርቆሽ ትዝ አለኝ። የተራራ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ከማገዶና ከክረምት ጋር እየተደራደረ የሚበላ ነው።

ነገር ግን የፈረንሳይን ልማድ እንዳለ እንቅዳ ብንል አገራችን እሺ አይለንም። እኛ የምናርፍበት ክረምት እነርሱ በፀሓይ የሚሄዱበት ወራት ነው። በሐምሌ ከጭልጋ ወደ ቆላ የወረደ ሰው መረሬው ጫማውን ይነጥቀዋል። ከመተማ ወዲያ እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው ጥቁር አፈርም በዝናብ ጊዜ ትራክተር እንኳ ይይዛል። የቀድሞ መንገደኞች ይህን ያውቁ ነበር። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ከጎንደር የተነሣው ክረምቱ አልፎ መሬቱ ከደረቀ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1771 መጨረሻ ላይ ነበር፤ ወደ ቆላ ወርዶ ስናር የገባው በሚያዝያ ነው። ፖንሴ የሚባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ግን ወደ ዐፄ ኢያሱ ሲመጣ በ1699 ከስናር ጎንደር የደረሰው በሐምሌ ስለ ነበረ፣ ስለ ጭቃው እርሱን መጠየቅ ይሻል ነበር። ስለዚህ ለእኛ የሚስማማው የመንፈቅ ዓመቱ አጭር ዕረፍት ነው፤ ጥር አልቆ የካቲት ሲብት።

በ2010 ዓ.ም. ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ይህን ጉዞ ያደረግነው በዚያ ወቅት ነው። መንገዱን ሁሉ በእግር አልሄድንም፤ ከዳባት እስከ ጎንደር፣ ቀጥሎም ከአይከል ወደ ነጋዴ ባሕር የሚወርደውን ቁልቁለት በእግር ስንሄድ፣ የቀረውን በመኪና ተጓዝን። ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ ወደ 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በካርታ ላይ ይህ ቡናማው ቀለም ወደ አረንጓዴ መለወጡ ብቻ ነው፤ በእግርና በአፍ ሲማሩት ግን ሌላ ነገር ነው።

በዳባት የያዝነው ስንቅ የገብስ በሶና ቆሎ ነበር፤ ያደርንበትም ቤት ጠላው የገብስ ነው። ጎንደር ስንደርስ ጤፉ ነጭ ሆነ፤ ሽሮውም ወፈረ። በጭልጋ በኩል ዳጉሳ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል፤ እንጀራው ጠቆር፣ ጣዕሙም ጠንከር ይላል። ከነጋዴ ባሕር ወዲያ ማሽላው ብቻውን ቆመ፤ በገንዳ ውሃና በኮኪት ወጡ ባሚያ ሆነ፤ ከገበያው ሰሊጡ፣ ጥጡና ዕጣኑ ይታያል። አንድ ሰው ዓይኑን ተሸፍኖ እንኳ በእርሾው ጣዕም የት እንደ ደረሰ ሊናገር ይችላል። የጂኦግራፊ መምህራችን በበኩሉ ይህን በከፍታ መለኪያው ሲፈትን ዋለ፤ እናቶቹም እየሳቁ አበሉት።

መተማ ዮሐንስ ስሟ ራሱ ታሪክ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚህ ነው። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝና የህንድ ጦር ከማዶው ከገላባት ተነሥቶ ከኢጣልያ ጋር የተዋጋው በዚሁ ድንበር ላይ ነበር። ገላባትን ከመተማ የሚለያት በድልድይ የምትታለፍ ትንሽ ሸለቆ ናት። ማዶ ከተሻገርን በኋላ በመኪና በዶካ በኩል ገዳሪፍ ገባን።

ገዳሪፍ ሜዳ ላይ ያለች የእህል ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ዙሪያዋን በትራክተር ሲታረስ ኖሯል፤ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ግዙፍ ጎተራ ከሩቅ እንደ ግንብ ይታያል። በሰብል ገበያው ማሽላና ሰሊጥ በጨረታ ይሸጣል። እኔን የያዘኝ ግን ጎተራው ሳይሆን አንዲት ምጣድ ናት። ባለቤቲቱ የቦካውን የማሽላ ሊጥ በጋለው ምጣድ ላይ አፈሰሰችና በዘንባባ ቅጠል ቍራጭ በአንድ ጊዜ ጠርጋ እንደ ወረቀት አሳሳችው፤ ሳይከደንም ወዲያው በሰለ። ኪስራ ይሉታል። የሸክላውንም ምጣድ ዶካ ይሉታል፤ ያለፍንባት ከተማ ስም ከዚህ መጣ አልልም፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ስላገኘሁት ብቻ ነው ያነሣሁት። ኪስራ የእንጀራ ዓይን የላትም፤ እርሾዋ ግን የእርሾአችን እኅት ናት። አሲዳ የሚሉት ገንፎም ደርቆ በተወቀጠ ባሚያ በተሠራ ወጥ ይበላል። በመጨረሻ ቡናው በጀበና፣ ዝንጅብል ገብቶበት መጣ። «ጀበና» ብለን ብንጠይቅ «ጀበና» ብለው መለሱልን፤ ለዚህ ቃል አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በማሠልጠኛችን የሚማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ የደጋ ልጆች ናቸው፤ ከተመረቁ በኋላ ግን ወደ ቆላ የሚመደቡት ጥቂት አይደሉም። አንድ ጊዜ የትምህርት ልምምድ ክትትል ለማድረግ ወደ አንድ የቆላ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ከዚያ የሚለማመደው ወጣት ትጉህ ነው፤ የትምህርት ዕቅዱ የተስተካከለ፣ የሰሌዳ ጽሕፈቱም ያማረ ነበር። ነገር ግን በመጣ ሰሞን ወላጆች የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ ቢያቀርቡለት «ይህ ለጠላ የሚሆን እህል ነው» ብሎ ገፋ አድርጎት ነበር ሲሉ ሰማሁ። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ከዛፍ ሥር ምሳቸውን ሲበሉ አየሁ፤ እርሱ ሲያልፍ ጀርባቸውን ያዞራሉ፤ አንዷም እንጀራዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ያች ልጅ ከእርሱ ሒሳብ ትማር ይሆናል፤ ነገር ግን ያልገባትን ነገር እጇን አንሥታ አትጠይቀውም። የቤቷን እንጀራ ከሚንቅ ሰው ፊት ማን ይጠይቃል?

ደግሞ የሚናቅ እህል አይደለም። በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላ አቅራቢያ በአትባራና በጋሽ ወንዞች መካከል በተደረገ ቍፋሮ ከ5000 ዓመት በፊት ሰው ማሽላን ከዱር ወደ ማሳ ሲያላምድ የሚያሳይ ማስረጃ ተገኝቶ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ለዓለም ታውቋል። ጓንግ ብለን የምንጠራው ወንዛችን ወርዶ አትባራ የሚባለው እርሱ ነው። እንግዲህ ያ ወጣት የገፋው እንጀራ ዘሩ ከዚያው ወንዝ ዳር የበቀለ ነው። ይህን በመጽሐፍ ልነግረው እችል ነበር፤ ነገር ግን ቁልቁለቱን በእግሩ ወርዶ፣ ደክሞትና ርቦት ያንኑ እንጀራ በልቶ ቢሆን ኖሮ፣ መንገር ባላስፈለገም ነበር።

«በዚያ መንገድ ለደስታ መሄድ ነውር አይሆንም ወይ?» ብሎ አንድ አዛውንት መምህር ጠይቆኛል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በዚያ አቧራ ላይ የሚሄደው ሰው አብዛኛው ተቸግሮ የሚሄድ ነው። ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ከዓመት ዓመት በበረሃው ከማሳ ወደ ማሳ የሚዞረውም ሳሉግ፣ ወባና ካላዛር እየጠበቁት ነው የሚሄደው፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ስለምትኖር፣ በሜዳ የሚያድረውን ታገኘዋለች። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ወገኖቻችን በገዳሪፍ አውራጃ በኡም ራኩባና በቱናይድባ ተጠለሉ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ሱዳናውያን በተራቸው በገላባት በኩል ወደ እኛ ተሻገሩ። ያበላን ሰው ተርቦ ሲመጣ አየን ማለት ነው። እኔ ለአዛውንቱ የሰጠሁት መልስ፣ መምህር በዚያ መንገድ የሚሄደው እነዚህን ሰዎች በዓይኑ ለማወቅ ከሆነ ነውር የለውም፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለመመለስ ብቻ ከሆነ ግን ቢቀር ይሻላል የሚል ነበር። ደግሞም የበላበትን ይክፈል፤ አንቀበልም ቢሉት ለቤቱ ልጆች ደብተር ትቶ ይሂድ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችንም ግጭት ስለ ተነሣ፣ ሰላም እስኪሆን ድረስ ሠልጣኞችን ይዤ ወደ መተማ ልውረድ አልልም፤ ማንም እንዲሄድ አልመክርም። ስለዚህ ለጊዜው ያሰብነው ጉዞ አጭር ነው። በመንፈቁ ዕረፍት መዳረሻ፣ የአካባቢው ጸጥታ በፈቀደ መጠን፣ ሠልጣኞቹ የግማሽ ቀን መንገድ በእግር ሄደው፣ በየደረሱበት የአፈሩን ዓይነት፣ የሚዘራውን እህልና የሚጋገረውን እንጀራ በደብተራቸው ይመዘግባሉ። ስንቁ በሶ፣ ድርቆሽና ውሃ ነው፤ ብስኩት አይፈቀድም። በማግስቱም ከደጋ፣ ከጭልጋ፣ ከቋራና ከመተማ የመጡት ሠልጣኞች ከየቤታቸው ባስመጡት እርሾ አራት ዓይነት እንጀራ ይጋግራሉ። ማሽላውን የሚያቦኩት ወንዶቹ የደጋ ልጆች እንዲሆኑ ወስነናል፤ ምጣዱንም የማሠልጠኛው ወጥ ቤት ሊያውሰን ተስማምቷል።