አባት ያልወደዱት ሩጫ

የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ ፊልም ነው፤ «ኢንዱራንስ» ይባላል። ብሪታኒያዊው ሌስሊ ውድሄድ አዘጋጅቶት በ1991 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃ፣ የሯጩን የኃይሌ ገብረሥላሴን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ነው።

ትልቁ ኃይሌ ራሱ ኃይሌ ነው። ትንሹን ኃይሌ የሥጋ ዘመዱ የሆነ ልጅ ይጫወተዋል። እናቱን ሆና የምትሠራው ደግሞ እህቱ ናት። እስቲ አስቡት፤ ሟች እናቷን ሆና በካሜራ ፊት መቆም! ለእኔ ከየትኛውም ሜዳሊያ በላይ ልብ የሚነካው ይህ ነው። የኃይሌ የሩጫ ሕልም ከአንድ ቤት ሐዘንና ድካም የወጣ መሆኑን ያለ ብዙ ንግግር ያሳያል።

ሕልሙ የተጠነሰሰው በሬዲዮ ነው። በ1972 ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ፣ የሰባት ዓመቱ ኃይሌ አሰላ አካባቢ ሆኖ በአባቱ ሬዲዮ ይከታተል ነበር። የእኛም የእግር ኳስ ቡድን፣ የጦና ንቦቹ ወላይታ ድቻ፣ በመጋቢት 2010 ዛማሌክን በግብፅ ምድር በመለያ ምት ሲጥሉ፣ እዚህ ሶዶ ስንቱ ሕፃን ጆሮውን አቁሞ እንደነበር ማን ያውቃል?

አባትየው ግን ሩጫውን አልወደዱትም። እኔ በእሳቸው አልፈርድም። ማሳው ጠባብ፣ ቤተሰቡ ሰፊ በሆነበት በወላይታ ገጠር የኖረ ሰው ጭንቀታቸውን ያውቀዋል። በእንሰቱም በበቆሎውም ሥራ አንድ እጅ ሲጎድል ጉድለቱ የሚታየው ማዕድ ላይ ነው። «ሩጫ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ክፋት አይደለም።

ጥያቄው መልስ ያገኘው በ1988 በአትላንታ ኦሊምፒክ፣ በ10 ሺህ ሜትር ነው። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ፍጥነቱን ጨምሮ ሊያመልጥ ሲሞክር ኃይሌ ከኋላው አልላቀቅ አለ፤ በመጨረሻው ዙር አልፎት በ27 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ፤ ልዩነታቸው አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። መሙ ጠንካራ ስለነበር ግን እግሩ ቆስሎ 5 ሺውን ሳይሮጥ ቀረ።

ፊልሙን ብወደውም ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ከዚያ ሬዲዮ እስከ አትላንታ 16 ዓመት ነው፤ ፊልሙ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ዓላማ የሚፈተነው ጭብጨባ በሌለባቸው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ ፊልሙ ግን በእነሱ ላይ ቸኩሏል።

ጎህ ሲቀድ ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የዳሞታ ተራራን ዳገት የሚወጡት የሶዶ ልጆች ዛሬ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ናቸው። እናንተ ወላጆች፣ «ከነገ ጀምሮ ይብቃህ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ምሽት ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ይህን ፊልም እዩልኝ። አባትየውንም ልጁንም እዩዋቸው። ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ።