ሠዓሊውና አሠሪው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በግሉ የሚሠራ ሠዓሊ ከአሠሪው ጋር ስላለው ግንኙነት እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ርእሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጠናወተኝን አንድ ነገር ሳልናዘዝ ስለዚህ ጉዳይ መናገር እንደማልችል ተረዳሁ። እርሱም ይሉኝታ ነው።

በአገራችን ሥዕል ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው የትእዛዝ ሥራ ነው። በብዙ ጥንታውያን ሥዕሎች ግርጌ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ የሚታየው ሰው ሥዕሉን ያሠራው ነው፤ ስሙም ከጎኑ ተጽፎ ይገኛል። የሠዓሊው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው ሥዕል ላይ ስሙ በመስፈሩ እስከ ዛሬ ይነሣል፤ እንደ እርሱ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት አበው ስማቸውን የተዉት ስለ ትሕትና ነው ይባል ይሆናል። እኛ ግን የምንተወው መጠየቅ ስለምናፍር ነው።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። በ2001 ዓ.ም. አንድ አሳታሚ ለሕፃናት ማንበቢያ መጽሐፍ 24 ሥዕሎች እንድሠራለት ጠራኝ። ሰውየው ጨዋና ደግ ነው፤ ቡና አስፈልቶ ተቀበለኝ። ስለ ዋጋው ባነሣሁ ጊዜ «እኛ እኮ ወንድማማቾች ነን፤ አንተን አላስከፋም» አለኝ። ከዚህ በኋላ ውል እንጻፍ ማለት ወንድሜን «አላምንህም» እንደ ማለት መሰለኝና ዝም አልሁ። ሥዕሎቹን በሦስት ወር ሠርቼ አስረከብሁ፤ ገንዘቡንም ሳይጎድል ተቀበልሁ። በ2006 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ ከአንድ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሁለተኛውን እትም አገኘሁት። ሥዕሎቼ ሁሉ አሉ። የአያትየዋን ነጠላ ሌላ እጅ ቀለም ቀብቶታል፤ በመጀመሪያው እትም ላይ የነበረው ስሜ ግን የለም።

ሕጉ ምን ይላል ብዬ የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ አስቀድሜ መጠየቅ ሲገባኝ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ በውል ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ዳግመኛ በመታተሙ ገንዘብ የምጠይቅበት ምክንያት አልነበረኝም። የሞራል መብቱ፣ ይኸውም የሥራው ባለቤት ተብሎ በስም መጠራትና ሥራው ክብርን በሚነካ መልክ እንዳይለወጥ መቃወም፣ የኢኮኖሚው መብት የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ከሠዓሊው ጋር ይኖራል። እንግዲህ ስሜን የወሰደብኝ ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ገንዘቡን የተውሁት እኔው ራሴ በዚያች ቡና ላይ ነው።

ቀብድ መጠየቅንም እንዲሁ እናፍራለን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ቀብድ አለመተማመንን የሚያሳይ የሚመስለው ሰው ይህን ሁለተኛውን ክፍል አላነበበም። በእኔ አስተያየት፣ ሥራውን በጊዜው ለማድረስ ከልቡ ያላሰበ ሠዓሊ ቀብድ ባይቀበል ይሻለዋል።

ይህን ስል አሠሪ ሁልጊዜ በዳይ ነው ማለቴ አይደለም። ጤፍን በመስመር ስለ መዝራት ለገበሬዎች የሚታደል አንድ ትንሽ መጽሐፍ በ2005 ዓ.ም. ስሠራ፣ ያዘዘኝ መሥሪያ ቤት ቀለም ከማስገባቴ በፊት የእርሳሱን ንድፍ ለገበሬዎች ላሳይ ብሎ ወሰደብኝ። ተቀየምሁ፤ ሥዕልን ሠዓሊ እንጂ ማን ያርማል ብዬም አጉረመረምሁ። የከተማ ልጅ ነኝና አራሹን እርፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር የሣልሁት። አንድ ሽማግሌ ንድፉን አተኩረው አዩና «ይህ ሰው ጅራፉን በጥርሱ ነው የሚይዘው?» ብለው ጠየቁ። አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሣቁ፤ እኔም ቆይቼ ሣቅሁ። እጁን ማረም ግማሽ ሰዓት ብቻ ፈጀብኝ። ታትሞ ቢሆን ኖሮ ግን ያን መጽሐፍ የተቀበለ ገበሬ ስለ ጤፉ የተጻፈውንም ባላመነ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስቀበል አስቀድሜ የምጠይቀው መጽሐፉን የሚይዘው ማን እንደ ሆነ ነው። ንድፉ በእርሳስ ሳለ ሁለት ጊዜ ያለ ዋጋ አርማለሁ፤ ቀለም ከገባ በኋላ ለሚመጣው ለውጥ ዋጋ እቆርጣለሁ። ይህም በውሉ ላይ ይሰፍራል። ዛሬ ትእዛዙ በቴሌግራም የሚመጣላችሁ ወጣቶች፣ እዚያው የተጻፈውን ሳትሰርዙ አቆዩት።

ወደ አሳታሚው ልመለስ። ሁለተኛውን እትም ይዤ ሄድሁ፤ ቡናው ዳግመኛ ተፈላ። ስሜ በገጹ አቀማመጥ ጊዜ እንደ ወደቀ ነግሮኝ ከልቡ አዘነ፤ ወዲያውም ለተከታዩ መጽሐፍ ሥዕል እንድሠራ ጠየቀኝ። ዋጋውን፣ ቀብዱን፣ የእትሙን ብዛትና የስሜን ቦታ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ውል ከኪሴ ሳወጣ እጄ ላብ አስምጦት ነበር። አነበበው፤ ሣቀ፤ «ይህ እስከ ዛሬ የት ነበር?» ብሎ ፈረመ።

የፊተኛው መጽሐፍ ሦስተኛ እትም በ2008 ዓ.ም. ወጣ። ስሜ ከርእሱ ገጽ ጀርባ ታትሟል፤ ከአባቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሏል። ለአራተኛው እትም በትልልቅ ፊደል ጽፌ ሰጥቻለሁ።